የመዝገብ ወንድም

ያንን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል።

በሰፈራችን ቅጽ ሞይ የሆንኩት የተማረ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የተማሩት ጽሑፋቸው ስለማይነበብ ነው። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ስፌት ብገባም የእጅ ጽሑፌ ያምራል። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ በመሐል የጎረቤቱን ማመልከቻ፣ የውሃ ቆጣሪ አቤቱታ፣ የልጅ ምዝገባ እጽፋለሁ። በነፃ ነው። ስህተቱም አብሮ በነፃ እንደሚሰጥ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

እትዬ ሴንትራል ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ነበሩ። ስልክ ቤት፣ ጥሪ የሚያገናኘው ሴንትራል ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ገመድ ሲሰኩና ሲነቅሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ማንም ለማንም የሚለው ነገር በሳቸው በኩል ሳያልፍ አይደርስም ነበርና። ድምፃቸው የዚያን ዘመን ስልክ የሚያህል ነው። ደጃቸው ላይ ቆመው «ደህና አደርሽ?» ሲሉኝ እዚህ ቤት የማሽኔ መርፌ ይዘላል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ራቅ ያለ ከተማ ያስተምራል። በግቢያቸው ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፣ መስኮቷ የኔን ልብስ ማስጫ የምታይ። እሷን ለጋሽ ጥጥ አከራይተውታል።

ጋሽ ጥጥ ፍራሽ አዳሽ ነው። ያረጀ ፍራሽ ቀዶ ጥጡን ያወጣል፣ በዱላ ይደበድባል፣ ፀሐይ ላይ ያናፍሳል፣ መልሶ ሞልቶ ክንድ በሚያህል መርፌ ይወጋዋል። ቅንድቡ ላይ፣ ጆሮው ላይ፣ አንገቱ ሥር ጥጥ የማይገኝበት ቀን የለም። በሩቅ ያየው ሰው «አባባ» ብሎ ሰላም ይለዋል፤ ቀረብ ሲል ያፍራል። ሚስት ነበረችው፤ አቧራውን አልቻልኩም ብላ ሄደች። ልጅ የለውም። ከዚያች ክፍልና ከፊቷ ካለችው የጥጥ መደብደቢያ ሜዳ ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልነበረውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ደግሞ ከሁላችንም አብልጦ ያውቃል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከተማው አዲስ ደንብ አወጣ። ክፍል የሚያከራይ ሁሉ ክፍሉንና ተከራዩን አስመዝግቦ በየዓመቱ ክፍያ ይክፈል ተባለ። ቢጫ ወረቀት በየበሩ ተለጠፈ። እትዬ ሴንትራል የሳቸውን ነቅለው፣ ሙጫው ገና ሳይደርቅ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ምንድነው? በገዛ ግድግዳዬ፣ በገዛ ጣሪያዬ! ሲያንኮራፋ የምሰማው እኔ፣ የሚቀበለው ከተማው!»

«እትዬ፣ ቆይ ላንብበው።»

ቅጹ ባለ ሁለት ገጽ ነው። ፊተኛው ገጽ ላይ ወደ ታች «ከክፍያ ነፃ» የሚል ሳጥን አለ፤ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ በክፍሉ ያለ ኪራይ የሚኖረው የባለቤቱ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ። እዚያ ላይ ቆምኩ። የፈለግኩትን ካገኘሁ ከዚያ ወዲያ ምን ልሁን ብዬ አነባለሁ?

«እትዬ፣ ወንድም አለዎት?»

«ሁለት ነበሩኝ። ሁለቱም ቀደሙኝ።»

«ሦስተኛው ጓሮ ጥጥ እየደበደበ ነው።»

እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ጠረጴዛውን ይዘው ነው የሳቁት። ወዲያው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንተ! ና ወዲህ!» አሉ።

ጋሽ ጥጥ ዱላውን እንደያዘ መጣ። የተጠራው ለወቀሳ መስሎታል። «ምን አጠፋሁ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ። ፈርም።»

ቅጹን አየ፣ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ታላቅ ነኝ ታናሽ?»

«ታናሽ ነህ እንጂ! ጭራሽ ልታዘኝ አምሮሃል?»

«እንግዲያው ኪራዩ ቀረ ማለት ነው?»

«ኪራይማ ትከፍላለህ! ወንድሜ ሆንክ እንጂ ያበድኩ መሰለህ?»

ፈረመ። እኔ ደግሞ ሥራ በግማሽ የተውኩ እንዳይመስላቸው ነገሩን እስከ መጨረሻው ወሰድኩት። እትዬ ሴንትራል በየወሩ በትንሽ ጥራዝ ደረሰኝ ይጽፉለት ነበር፤ «ይህ ይቅር፤ ለወንድም ደረሰኝ አይቆረጥም» አልኩ። እሳቸው ቤት ቢፌው መሳቢያ ውስጥ የኪራይ ውላቸው ነበረ፤ ሄጄ እሱንም አውጥቼ በዚሁ እጄ አራት ቦታ ቀደድኩት። ፊተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «ቅጹን የሞላው ሰው ስምና ፊርማ» የሚል መስመር አለ። ፊርማዬን ጅራት አበጅቼ አሳመርኩት። የምኮራበት አጥቼ በዚያ ኮራሁ።

በየዓመቱ ቢጫው ወረቀት ሲመጣ ያንኑ እየደገምኩ ሞላሁ። በሦስተኛው ዓመት ተቆጣጣሪ መጣ፤ ጭቃ ጫማውን ያበላሸበት፣ ገና ሳይገባ የተቆጣ ቀጭን ሰው። እትዬ ሴንትራል ወጥ ቤት ናቸው፣ ጋሽ ጥጥ ሜዳው ላይ፣ እኔ ደግሞ ልብስ ላሰጣ ብዬ አጥሩ ሥር። ልብሱ ደርቋል፤ ቢሆንም አሰጣሁት።

«ወንድማቸው ነዎት?»

«ነኝ።»

«በእናት ነው በአባት?»

ጋሽ ጥጥ ይህን አላሰበበትም። ዱላው አየር ላይ ቀረ። «በ... በእናት።»

ከወጥ ቤት፣ «በአባት ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

የተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ቆመ። እትዬ ሴንትራል እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። «በሁለቱም ነው! ይጻፉ እንጂ፣ ምን ያዩኛል? በእናንተ መሥሪያ ቤት ሰው ከአንድ ሰው ብቻ ነው የሚወለደው?»

ሰውየው ጻፈ። አምኖ ይጻፍ ከዚያ ድምፅ ለማምለጥ፣ እሱ ያውቃል።

ሲሄድ ግን እትዬ ሴንትራልን አንድ ነገር አስፈራቸው። ጋሽ ጥጥ ሰውየው ፊት «እርስዎ» ሲላቸው ነበር። «እህቱን እርስዎ የሚል ወንድም የት አለ? ተለማመድ» አሉት። በዚያ ቀን ምሳ አብረን በልተናል፤ ጋሽ ጥጥ ላቡን እየጠረገ፣ «እትዬ... አንቺ... ጨው ይጨምራሉ?» አለ።

«ግማሽ መንገድ ደርሰሃል፤ ቀጥል» አሉት።

ለተቆጣጣሪ የተጀመረው ልምምድ ተቆጣጣሪው ከቀረም በኋላ አልቆመም። «አንቺ» ማለቱ ሳይታወቀው ምላሱ ላይ ቀረ። ቆየት ብሎ ምሳው የየቀን ሆነ። ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ፤ መድኃኒትሽን ረሳሽ፣ ከበር ወዲያ ያለ ሸማ አትውጪ፣ አንተ ደግሞ ያንን ሳልህን ታየው። አንድ ቀን ስፌት አቁሜ ሳዳምጥ ራሴን ያዝኩት፤ የማያውቅ ሰው ቢሰማቸው አብረው ያደጉ ነው የሚለው። ኪራዩ ብቻ አልቀረም። በወሩ መጀመሪያ ገንዘቡን አጥፎ ቢፌው ላይ በብርጭቆ ሥር ያስቀምጣል፤ እሳቸው ያነሳሉ፤ ስለሱ የሚነጋገር የለም።

ባለፈው ክረምት የእትዬ ሴንትራል ድምፅ ቀነሰ። በግድግዳው በኩል መስማት ሳቆም ነው ያወቅኩት። ልባቸው ደክሟል አሉ ሐኪሞቹ። ጋሽ ጥጥ ሥራውን ወደ ከሰዓት አዛውሮ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ ጀመር። አቧራው እንዳይደርስባቸው ፊቱን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚገባው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኳ። በእጁ ፎጣ ይዟል። ፎጣውን ሰጠኝና ተመልሶ ሄደ። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ገባኝ።

ልጃቸው ለቀብሩ መጣ። መምህር ነው፤ ጫማው ላይ ጠመኔ ያለ የሚመስለኝ ዓይነት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ክፉ ቢሆን ይህን ታሪክ መጻፉ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ሚስቱ ታማለች፣ ሕክምናዋ ረጅም ነው፣ የእናቱን ቤት ከመሸጥ ሌላ መንገድ የለውም። ገዢም አግኝቷል፤ ገዢው ግን የሚፈልገው ባዶ ቤት ነው።

ከቀብሩ በኋላ በስድስተኛው ቀን ወረቀት ይዞ ወደኔ መጣ። ጋሽ ጥጥም እኔው ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

«እህቴ፣ የእናቴን ወረቀቶች ሳገላብጥ ይህን አገኘሁ» አለ። በየዓመቱ የሚታደሰው፣ ከክፍያ ነፃ መሆናቸውን የሚገልጸው ካርድ ነበር። «አጎት እንዳለኝ የሰማሁት ዛሬ ነው። የሞላሽው አንቺ ነሽ መሰለኝ፤ ጽሑፉ ያምራል።»

መሬት ብትከፈት በደስታ እገባ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። መጨረሻ ላይ ትንሽ ሳቀ፣ «በሁለቱም ነው» የሚለው ላይ፤ እናቱን እዚያ ውስጥ አግኝቷት ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ጋሽ ጥጥ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ሜዳ ላይ መጣል አልፈልግም። ደንቡን ጠይቄያለሁ። ተከራይ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ቤቱ ቢሸጥም ሁለት ዓመት አይነካም። ጽሕፈት ቤቱ ተከራይ ናቸው ካለ እኔ ቃሌ ነው፣ ይቀመጣሉ፤ ገዢውም ከፈለገ ይጠብቅ፣ ካልፈለገ ሌላ እፈልጋለሁ። አይደሉም ካለ ግን... እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምችለው።»

«ጥሩ ነው» አለ ጋሽ ጥጥ። ቀጥሎ ስለ ሚስቱ ጠየቀው፤ ከሕመሟ በፊት ስሟን።

እኔ በዚያ ሌሊት ሳልተኛ አድሬ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ጽሕፈት ቤት ይዤው ሄጄ መዝገቡን አስተካክላለሁ። ተከራይ ነው እላለሁ። እኔና ሌላ ጎረቤት እንመሰክራለን። እቤቴ ውሰጂው የሚለኝ አንባቢ ካለ፣ እኛ አምስት ሰዎች በሁለት ክፍል ነን፤ ትንሹ ልጄ የሚተኛው የስፌት ማሽኑ ሥር ነው፤ ፔዳሉን ስረግጥ ጠዋት ይነቃል።

በማግሥቱ ሦስታችንም ሄድን፣ ጋሽ ጥጥ፣ መምህሩና እኔ። የኪራይ ቤቶች ምዝገባ ክፍል ምድር ቤት ነው። መሬት ላይ በቡሎን የታሰሩ ወንበሮች፣ የማይዞር ማራገቢያ፣ ከታች በኩል ብቻ ቀዳዳ ያለው መስታወት። ያ ቀዳዳ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያነጋግር ሰው ሁሉ ጎንበስ ይላል፤ ከኋላ ሲያዩት ወረፋው ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። በሩ አጠገብ መስታወት የተገጠመለት ሰሌዳ አለ። «ሐሰተኛ መግለጫ የሰጡ የቤት ባለቤቶች» ይላል ርዕሱ። ሥሩ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስም፣ የቤት ቁጥር። ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ሌላ የሚያነበው ነገር ስለሌለ ሁሉም እሱን ያነባል። ጋሽ ጥጥም አነበበው፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጣቱ እየተከተለ።

እኔ ከልማዴ የተነሳ ጠረጴዛው ላይ ካለው የባዶ ቅጽ ክምር አንዱን አነሳሁ። ያው ቢጫ ቅጽ ነው። ፊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሥራ ስለፈታሁ ገለበጥኩት።

ጀርባው ላይ «ከክፍያ ነፃ (የቀጠለ)» ይላል። ቁጥር አራት፦ ዕድሜው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ፣ በጡረታ የሚተዳደርና አንድ ክፍል ብቻ የሚያከራይ ባለቤት፣ ተከራዩን አስመዝግቦ ከክፍያ ነፃ ይሆናል።

መጀመሪያ ቅጹን የሞላሁላቸው ቀን እትዬ ሴንትራል ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በእጄ ጽፌዋለሁ። የሚያስፈልገው የጡረታ ደብተራቸው ብቻ ነበር። አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ፣ ጋሽ ጥጥ በስሙ ተከራይ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ደረሰኙን እየያዘ፣ ውሉም መሳቢያ ውስጥ እንዳለ መኖር ይችሉ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት፣ አሥራ አንድ ቅጽ፤ አንዱንም ገልብጬ አላውቅም።

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋሽ ጥጥ ገና ሰሌዳው ዘንድ ነበር። አላየኝም።

ተራችን ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ ጉንፋን ይዟታል፤ በመሐረብ ውስጥ ነው የምታወራው። ጎንበስ ብዬ ነገሩን አስረዳኋት፤ ስህተት እንዳለና እንዲታረም እንደምንፈልግ፣ ሰውየው ወንድም ሳይሆን ተከራይ እንደሆነ። መዝገቡን አወጣች፣ አገላበጠች፣ ቀና ብላ አየችን።

«ማረም ይቻላል። ሁለት ምስክር፣ አንድ ማመልከቻ። ተከራይነታቸው ዛሬውኑ ይመዘገባል፣ ሁለት ዓመታቸውም ከዛሬ ይቆጠራል።»

ደረቴ ቀለል አለ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ግን እስከ ዛሬ ከክፍያ ነፃ የሆኑበት በሙሉ ይሰረዛል። ቅጣቱ ከቤቱ ሽያጭ ላይ ይነሳል። ባለቤቷ ብትሞትም ስሟ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፤ ደንብ ነው፣ ዘጠና ቀን። ቅጹን የሞላው ሰውም ይጠየቃል።» ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለች። «ይህ ፊርማ የማን ነው? ጅራት ያለው።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ።

መምህሩ «ስለ ቅጣቱ ችግር የለም፣ እከፍላለሁ» አለ። ድምፁ ግን ችግር እንዳለ ይናገራል።

እኔ አንድ መንገድ ሞከርኩ። «እህቴ፣ እንበልና አንድ ባለቤት በሌላ ምክንያት ነፃ መሆን ትችል ነበር፣ በዕድሜ ለምሳሌ፣ ግን ሳትጠይቅ ቀረች። ያ አይቆጠርላትም?»

«ያልጠየቀች አይሰጣትም። ወደ ኋላ አይሄድም» አለችና አስነጠሰች። «አባት፣ እርስዎው ይንገሩኝና ልጻፍ። ተከራይ ነዎት ወይስ ወንድም? ወንድም ከሆኑ መዝገቡ እንዳለ ይቆያል፣ ማንም አይጠየቅም። ግን ያለ ኪራይ የኖሩ ዘመድ ስለሆኑ የተከራይ መብት የለዎትም፤ ወራሹ ውጡ ካለ መውጣት ነው።»

ጋሽ ጥጥ ጎንበስ እንዳለ ነበር፣ አንድ እጁ መስታወቱ ላይ። አንገቱ ሥር ከትናንት የቀረች ጥጥ አለች። ወደ ሰሌዳው ዞር ብሎ አየ።

«ያቺ ሰሌዳ» አለ፣ «ፊደሉ የሚጻፍባት በእጅ ነው በማሽን?»

«በማሽን ነው፣ አባት። ምን ያደርግልዎታል?»

«በሩ አጠገብ ናት እኮ። ሰፈሩ ሁሉ ዓመታዊውን ሊከፍል ሲመጣ ያያታል።»

«ያያል። ለዚያ ነው የተሰቀለችው።»

«ጋሼ» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ «ስለ እናቴ ብለው ከሆነ፣ እሷ አታይም።»

ጋሽ ጥጥ መለሰለት፣ ሳይቆጣ፣ «አንተ ሩቅ ነህ፤ ጎረቤቱ ቅርብ ነው። እዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ‘ሴንትራል ተናግራ ከሆነ እውነት ነው’ ሲባል ነው የኖረው። አሁን ሞታ ውሸታም ትባል?»

«ጋሽ ጥጥ፣ ሁለት ዓመት ነው እኮ!» አልኩት። ብዬዋለሁ። ግን ድምፄ ከዚያ በላይ መውጣት ይችል ነበር፣ አላወጣሁትም። እዚያ መዝገብ ላይ ጅራቷን ዘርግታ የተቀመጠችው ፊርማ የኔ ነበረች፤ አንዱን ቃል ሲናገር እንደምድንና ሌላውን ሲናገር እንደምያዝ አውቃለሁ። እግዜር ይወቀው፣ የትኛውን እንዲናገር እንደፈለግኩ እኔም አውቃለሁ።

ወደ ቀዳዳዋ ጠጋ አለ።

«ወንድሟ ነኝ» አለ። «ታናሿ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። አንድ ወረቀት በቀዳዳዋ አወጣችለት፤ ክፍሉን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለወራሽ እንደሚያስረክብ የሚገልጽ ነው። የሚፈርምበትን ቦታ በመሐረቧ ጫፍ አሳየችው። ፈረመ። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው ኪሱ ከተተ። ውጭ ስንወጣ እጁን ጨብጦ ያዘው፣ ለረጅም ጊዜ፤ «አሥር ቀን እጨምራለሁ፣ ጋሼ። ከዚያ በላይ ግን...» አለ። «ይበቃል» አለው ጋሽ ጥጥ። መምህሩ ከገዢው ጋር ቀጠሮ ስለነበረው በዚያው ተለየን።

እኔና ጋሽ ጥጥ አውቶቡስ ያዝን። መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠ። ዝናብ ሊጥል ነው። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ክዳኗን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«ደስ አለሽ አይደል?» አለ ድንገት፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ምን?»

«ወንድሟ ነኝ ስል። ትንፋሽሽን ሰማሁት፤ እንደ ተወጋ ፍራሽ ነው የተነፈስሽው።»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ልምዱም አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ደስ አለኝ። ጋሽ ጥጥ፣ ይቅር በለኝ።»

«አትኩሪ፤ ለአንቺ ብዬ አይደለም።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ለአንቺ ብዬ እንዲሆንማ ይህን ያህል ዓመት ሱሪዬን በነፃ መስፋት ነበረብሽ።»

«እሰፋልሃለሁ።»

«አሁንማ የት ታገኚኛለሽ?»

ጀርባውን ገጽ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሳቸውም አንተም ሳትዋሹ መኖር ትችሉ ነበር፣ አንድ ወረቀት ባለመገልበጤ ነው ልለው። ግን ይህን ሲሰማ ምን ይቀርለታል? ለእህቱ ስም ብሎ ክፍሉን ሰጥቷል፤ እኔ ደግሞ ያ ሁሉ የማያስፈልግ ነበር ልለው ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስለ እሱ አዝኜ ይሁን ስለራሴ ፈርቼ እስከ ዛሬ አለየሁትም። አፌን ዘጋሁ። እሱ እስከ አሁን አያውቅም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያሳየው ካልተገኘ በስተቀር።

ሰፈራችን ሊደርስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ተነሳ።

«የት ነው?» አልኩት።

«እዚህ ወዲያ ‘የሚከራይ ክፍል’ የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው በሮች አይቼ ነበር። ከዝናቡ በፊት ልጠይቅ።»

«አብሬህ ልውረድ።»

«ሂጂ ወደ ሥራሽ። የተማሪዎቹን ልብስ ነገ ታስረክቢያለሽ አላልሽኝም?» ወደ በሩ ሄዶ ቆመና ዞሮ አየኝ። «ምን ሥራ ነህ ቢሉኝ ምን ልበል? ፍራሽ ካልኩ አቧራ ይላሉ።»

«ጡረተኛ ነኝ በል።»

«አይ» አለ፣ «ከዚህ ወዲያ እውነቱን ነው የምናገረው። ውሸቴን አብራኝ የምትሸከመው ሞታብኛለች።»

ወረደ። አውቶቡሱ ሌላ ሰው እስኪሳፈር ቆሞ ስለነበር በመስኮቱ አየሁት። ኮቱን ቆልፎ፣ አንገቱን በእጁ ጠረገ፤ ጥጧን ለማስወገድ ይመስለኛል፣ ግን አልወደቀችለትም። ወደ መጀመሪያው በር ሄዶ አንኳኳ። ትንሽ ጠብቆ ደግሞ አንኳኳ። ሾፌሩ በሩን ዘጋ፣ መኪናው ተነሳ፤ የከፈተለት ይኑር አይኑር አላየሁም።